ማስተካከያ፦ የጎሼ በሽታ ቅቤ በመብላት አይመጣም

ለቱሉ ዲምቱና ለኮዬ ፈጬ ወላጆች ባጋራነው ጽሑፍ «የጎሼ በሽታ የምግብ ቅባት ጣፊያ ላይ ሲከማች ይመጣል፤ ቅቤና ወተት ማቆም ያድናል» ብለን ነበር። ተሳስተናል። ከሕክምና መማሪያ መጻሕፍት አመሳክረን አርመነዋል።

የሚከማቸው ግሉኮሴሬብሮሳይድ የተባለ ስፊንጎሊፒድ (በሴል ሽፋን ውስጥ የሚገኝ የቅባት ዓይነት) ነው፤ ከገበታ ሳይሆን በአብዛኛው ከሚፈርሱ የደም ሴሎች ይመጣል። ጤነኛ ሰው ውስጥ ግሉኮሴሬብሮሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ይሰባብረዋል። በዘረመል ጉድለት ኢንዛይሙ ሲያንስ ማክሮፋጅ በሚባሉ፣ ያረጁ ሴሎችን በሚውጡ ሴሎች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጣፊያና ጉበት ያብጣሉ፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት ይቀንሳል፣ አጥንት ያማል። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ (ሳይታመሙ ጉድለቱን የያዙ) ከሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው።

ስለዚህ በጽሑፋችን ምክንያት ወተትና ቅቤ የከለከላችሁት ልጅ ካለ መልሱለት። ጾምም ሆነ ፍስክ ክምችቱን አይቀንሰውም።

ያበጠ ጣፊያ ወጌሻ ጋ አይታሽ፤ ሊቀደድና ሆድ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ደግሞ ጣፊያ ያበጠበት ሁሉ ጎሼ የለበትም። እኛ አገር ወባና ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ይቀድማሉ፣ መጀመሪያ እነሱ ይመርመሩ። ጎሼ የሚረጋገጠው በነጭ የደም ሴል ውስጥ ያለው የኢንዛይም መጠን ተለክቶ ነው። ነርቭ የማይነካው ዓይነት 1 የሚታከመው፣ የጎደለውን ኢንዛይም በየ2 ሳምንቱ በደም ሥር በመስጠት ነው፤ መድኃኒቱ ግን እጅግ ውድ ነው።