ስካውቱን አስተማሪ እናድርገው

ተማሪ ሳለሁ ለሦስት ቀን የመስክ ጉዞ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። አብሮን የነበረው ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመና በዱላው ቁልቁል ጠቆመ። «ያቻት እናትየዋ፤ ግልገሏ ከድንጋዩ ሥር ተኝቷል» አለን። ለእኔ የታየኝ ድንጋይ ብቻ ነው። ባይኖኩላር ይዤም ዋልያዋን ለማግኘት ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ። ስካውቱን ግን ማንም ምንም አልጠየቀውም። ፎቶ ተነሳን፣ ምሳችንን በላን፣ ወደ አውቶብሱ ተመለስን። ፈተናው ላይ የመጣው የ«ብዝኀ ሕይወት» ትርጉም ነበር።

ፓርክ ማስተዳደር እንዲህ አይለመድም። ታንዛኒያ ውስጥ፣ ኪሊማንጃሮ ግርጌ ያለው የእምዌካ የዱር እንስሳት አስተዳደር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ተማሪዎቹን ፓርክ ውስጥ እያሳደረ ያስተምራል። ከእኛም ሰዎች እዚያ የተማሩ አሉ። በሀገር ቤት የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። የጎደለን ትምህርቱ ሳይሆን የመስኩ ጊዜ ነው።

የሰሜን ተራሮችን ታሪክ ራሱን እንየው። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1989 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ እርሻና ግጦሽ መስፋፋት፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ነበሩ ምክንያቶቹ። ከዝርዝሩ የወጣው በ2009 ነው፤ ሃያ ዓመት ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት ወሰኑ እንደገና ተካለለ፣ ግጦሽን ለመቀነስ ታቀደ፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ከእነዚህ ውስጥ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ሳይነጋገሩ የሚሆን አንድም የለም። ኑሮው በበጎቹ ላይ የቆመን አባወራ «ከዚህ በላይ አታስግጡ» ለማለት ምን ዓይነት አንደበት ያስፈልጋል? በምትኩስ ምን ይሰጠዋል? ይህን ክፍል ውስጥ ማንም ሲያስተምር አላየሁም።

በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓርኩ ሲቃጠልም መጀመሪያ የደረሱት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ሣሩና አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሲነድ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ቀናት አለፉ። የፓርክ ተማሪ በጋው ሳይበረታ ከገበሬው ጋር ሆኖ የእሳት መከላከያ መስመር መጥረግ ቢለምድ ምን አለበት?

በሰሜን ሸዋ ያለውን የሣር ምድር፣ መንዝ ጓሳን ደግሞ ተመልከቱ። እኔ አስተማሪ ብሆን የመጀመሪያውን ወር እዚያ ነበር የማሳልፈው። የመንዝ ሰው ጓሳን ከ400 ዓመት በላይ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል። ስለዚህ በቀድሞው ሥርዓት ቦታው ለጥቂት ዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈት፣ ክረምት ሲገባ መልሶ ይዘጋ ነበር። ያለጊዜው የገባ ይቀጣ ነበር። ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ያስጠብቅ ነበር። ሣሩ ሲጠበቅ አይጡና ፍልፈሉ ይኖራል፤ እነሱን የሚበላው ቀይ ቀበሮም ይኖራል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ። ማኅበረሰቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልተወውም፤ በሌላ መልክ አደራጅቶ ዛሬም ይጠብቃል። ሥርዓቱ ለምን ጸንቶ እንደኖረና እንዴት እንደተናጋ ከሽማግሌዎቹ አፍ መስማት ከስንት ሌክቸር ይበልጣል።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፣ ያስወጣል። ጸጥታውም ዛሬ ሁሉም ቦታ አያስገባም። ቢሆንም በሚቻልበት ፓርክ ከአንድ ሴሚስተር እንጀምር። ተማሪው ከስካውቶቹ ጋር ካምፕ ይደር፣ በጠዋት ወጥቶ እንስሳ ይቁጠር፣ የግጦሽ ክርክር ሲዳኝ ይቀመጥ። የፓርኩ ኃላፊ ነዳጅና ደመወዝ እንዴት እንደሚያብቃቃም ይይ። ስካውቱም ላስተማረበት አበል ይከፈለው፤ ውጤት ሲሰጥም አስተያየቱ ይጠየቅ።

የተማሪዎቹን ሪፖርት በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ የሚነበበው እዚያው መንደሩ ውስጥ፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ሰው ተሰብስቦ ይሁን። የሣሩን ወይም የከብቱን ቁጥር ከሳቱ፣ ተነስቶ የሚያርማቸው ሰው አይጠፋም።