አውራ ጣትህ ይባረክ

አንድ የልብ ጓደኛ አለኝ። አብረን አድገናል፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «አንተ» ነበር የምለው። አሁን ግን አንቱ ብያቸዋለሁ። በዕድሜማ እኔ በሁለት ወር እበልጣቸዋለሁ። ዕውቀታቸው ነው ያስገደደኝ። በሦስት የሳይንስ ዘርፍ የተራቀቀ ሰው አንተ ሲባል ጆሮ ይቀፋል። የፈሳሾች ፊዚክስ ያውቃሉ። የሰውነት በሽታ መከላከያን ያውቃሉ። የቁስ ሳይንስ ደግሞ የእጃቸው መዳፍ ነው። ሦስቱንም የተማሩት ስልካቸው ላይ ነው። ሦስቱንም ከርዕስ።

አጠገባቸው ተቀምጬ ሲመራመሩ አይቻለሁ። አውራ ጣታቸው ወደ ላይ ትጠርጋለች። ትጠርጋለች። ድንገት ትቆማለች። «ሳይንቲስቶች ካንሰርን ድል ነሱት» ይላል ርዕሱ። ቅንድባቸው ከፍ አለ። ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ። ከዚያ ሼር። የሥራ ግሩፕ፣ የአብሮ አደግ ግሩፕ፣ የቤተሰብ ግሩፕ። ቆጥሬያለሁ፤ አራት ሰከንድ። ሊንኩ አልተከፈተም። እኔ ድሮም ቀርፋፋ ነኝና ከፈትኩት። አራተኛው አንቀጽ ላይ «በአይጦች ላይ በተደረገው ሙከራ» ይላል።

«አይጥ ላይ ነው እኮ የሞከሩት» አልኳቸው።

«ታዲያ አይጥ ካንሰር አይዘውም?»

መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው፣ ይይዘዋል። ለአይጦች ትልቅ የምሥራች ነው። የቤተሰብ ግሩፑ ውስጥ ግን እስከማውቀው ድረስ አንድም አይጥ የለም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ተረት እሳቸውን አይመለከትም። ተረቱ የወጣው ሰው ጊዜ በነበረው ዘመን ነው። ሥር ድረስ ለመውረድ መቆፈር ያስፈልጋል። ርዕስ ግን ላይ ነው፣ ደመቅ ተደርጎ ተጽፏል፣ ፎቶም አለው። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ጓንት ያደረገች ሴት ትንሽ ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች። ጥናቱ ስለ ምንም ይሁን፣ ሴትየዋ አትቀርም።

እስቲ ከሳይንቲስቶቹ ጋር እናወዳድራቸው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በ1927 ቶማስ ፓርኔል የሚባሉ ፕሮፌሰር በአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙከራ ጀመሩ። ቅጥራን አሞቁና አፉ ሰፊ፣ ግርጌው ጠባብ በሆነ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ጨመሩት። ቅጥራን ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ በመዶሻ ቢመቱት እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ፕሮፌሰሩ ግን «የለም፣ ይሄ ፈሳሽ ነው፣ አሳያችኋለሁ» አሉ። እስኪረጋ 3 ዓመት ጠበቁ። በ1930 የዕቃውን ግርጌ ቆረጡት። ከዚያ መጠበቅ ተጀመረ። እስከ 2014 ድረስ የወደቀው ስንት ጠብታ ነው? ዘጠኝ።

ከ1961 ጀምሮ ሙከራውን የጠበቁት ጆን ሜይንስተን ናቸው። በ1988 ጠብታው ሊወድቅ ሲል የሚጠጣ ነገር ለማምጣት ለጥቂት ደቂቃ ወጣ አሉ። ሲመለሱ ወድቋል። በ2000 ካሜራ ተተከለ። ጠብታው ወደቀ፣ ካሜራው ግን አልቀረጸም። ሰውየው በነሐሴ 2013 አረፉ። ዘጠነኛው በሚያዝያ 2014 ወረደ። ለ52 ዓመት ጠብቀው አንድም ጠብታ ሲወድቅ በዓይናቸው አላዩም።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ። «በ87 ዓመት ዘጠኝ ጠብታ? እኔ በ87 ሰከንድ ዘጠኝ ሼር አደርግ የለ!» አሉ። ሒሳቡን ሠራሁት፤ እንዲያውም ይተርፋቸዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእሳቸው እንቁላል ግን ገና ሳይፈለፈል ይበርራል።

ፈሳሽ ካነሳን አይቀር። የውሃና የአየር ፍሰትን የሚገልጹ ናቪዬር–ስቶክስ የሚባሉ ቀመሮች አሉ። የክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 ስለ እነዚህ ቀመሮች አንድ ጥያቄ አንስቶ፣ ለመለሰ አንድ ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሏል። ጥያቄው በግርድፉ፣ መነሻው ለስላሳ የሆነ ፍሰት ሁልጊዜ ለስላሳ ሆኖ ይቀጥላል ወይስ የሆነ ቦታ ላይ ቀመሩ ይፈነዳል ነው። የሒሳብ ሊቃውንት ፀጉራቸውን እየነጩ ነው። ወዳጄ «ተፈታ!» የሚል ርዕስ በየጥቂት ወሩ ያገኛሉ። አንድ ጊዜ ኮሜንት ላይ ከአንድ የሒሳብ መምህር ጋር ሌሊቱን ሲከራከሩ አድረዋል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚለው አባባል ለካ የፈሳሾች ፊዚክስ ኖሯል።

ሁሉን ያጋራሉ ማለቴ ግን አይደለም። ይመርጣሉ። አሜሪካ ውስጥ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች በ2014 ያወጡት ጥናት አለ። ከ3 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ አጥቢ እንስሳት ፊኛቸውን ባዶ ለማድረግ የሚወስድባቸው ጊዜ ተቀራራቢ ነው ይላል፤ በአማካይ 21 ሰከንድ ገደማ። ዝሆንም ፍየልም። የዝሆን ፊኛ እጅግ ትልቅ ነው፣ ግን የሽንት ቧንቧውም አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ቧንቧው በረዘመ ቁጥር የስበት ኃይል ፈሳሹን አብዝቶ ያፈጥነዋል። ቆንጆ ሥራ ነው፤ የተለካ፣ የተገመገመ፣ የታተመ። እሳቸው ርዕሱን አዩና «ገንዘብ ማባከን! ይሄም ጥናት ሆኖ?» ብለው አለፉት። እውነት መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ክብራቸውንም መመጠን አለበት።

የእሳቸውን ክብር የሚመጥነው በሐምሌ 2023 መጣ። ኤልኬ-99። ያቺን ሳምንት ሳስታውስ እስካሁን ልቤ ይሞቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1911 ካመርሊንግ ኦነስ የተባሉ ሆላንዳዊ ሜርኩሪን እስከ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ ሲያቀዘቅዙት፣ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ድንገት ጠፋ። ሱፐርኮንዳክተር የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የሚፈለገው ያለ ማቀዝቀዣና ያለ ከባድ ግፊት የሚሠራ ቁስ ነው። አንድ የኮሪያ ቡድን «አገኘነው» አለ። እርሳስ፣ ኦክስጅን፣ ፎስፈረስና ትንሽ መዳብ ነው። እስከ 127 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ይሠራል አሉ። ጽሑፉ ገና በሌሎች ሊቃውንት ያልተገመገመ ረቂቅ ነበር። ሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ላይ ይንሳፈፋልና ቪዲዮም ነበረው፦ አንዲት ጥቁር ቁራጭ ማግኔት ላይ ግማሽ ጎኗ ተነሥቶ፣ ግማሽ ጎኗ ተደግፎ።

ወዳጄ ያን ቪዲዮ አጉልተው፣ ስክሪኑን በሁለት ጣት ስበው አሳዩኝ። «ተንሳፈፈ!» አሉ። «አንዱ ጫፍ እኮ ነክቷል» አልኩ። «እየተነሣ ነዋ!» አሉ። በዚያ ሌሊት ባቡር ሁሉ በአየር ላይ ሄደ፣ የመብራት ሽቦ ብክነት ቀረ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «ታሪክ ሲሠራ በዓይናችን አየን» ብለው ፖስት አደረጉ። (ልደብቅ አልችልም፤ እኔም ላይክ አድርጌያለሁ። ያስጎመጅ ነበር።)

በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ግን ምድጃቸውን አነደዱ። ቀቀሉ፣ ፈጩ፣ ለኩ። ረቂቁ ውስጥ አንዲት ቁጥር ነበረች፤ በ104 ዲግሪ ገደማ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ቁልቁል ይወርዳል ትላለች። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኬሚስት ፕራሻንት ጄይን ቁጥሯን ሲያዩ አወቋት። የመዳብ ሰልፋይድ ናት። ይህ ውህድ በዚያው ሙቀት አካባቢ ውስጣዊ አቀማመጡን ይቀይራል፣ መቋቋሙም ይወርዳል። ኤልኬ-99 ሲሠራ ደግሞ የመዳብ ሰልፋይድ ቆሻሻ አብሮ ይፈጠራል። ያቺ ጎኗን ያነሣች ቁራጭስ? ተራ የማግኔትነት ባሕርይ ይበቃታል። ጀርመን ሽቱትጋርት ያለው የማክስ ፕላንክ ተቋም ቆሻሻ የሌለበትን ንጹሕ ክሪስታል ሠራ። ሐምራዊ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆነ። ኤሌክትሪክ ግን አያሳልፍም። ሱፐርኮንዳክተር መሆኑ ቀርቶ መደበኛ ኮንዳክተርም አልሆነም።

ይህ ሁሉ የተጣራው በአንድ ወር ውስጥ ነው። ለሳይንስ ይህ መብረቅ ነው። ለጓደኛዬ ግን ወር ማለት ሌላ ዘመን ነው። በነሐሴ አጋማሽ ውጤቱን ስልክላቸው «እሱማ የድሮ ወሬ አይደል?» አሉኝ። ፖስቱ እስካሁን ገጻቸው ላይ አለ። ማስተባበያ አያጋሩም፤ ጨዋታ ማበላሸት ነው ይላሉ። በዚያው ዓመት ኔቸር መጽሔት በመጋቢት ያወጣውን ሌላ የሱፐርኮንዳክተር ጽሑፍ በኅዳር ሲሰርዝም አልሰሙም። መጋቢቱን ግን በደንብ ሰምተዋል።

ከሁሉ ግን የሚያስቀናኝ የበሽታ መከላከያ ዕውቀታቸው ነው። በእሳቸው ሳይንስ ኢሚዩኒቲ አንድ አቅጣጫ ብቻ አለው፣ ወደ ላይ። «ኢሚዩኒቲ የሚጨምሩ ሰባት ነገሮች»፣ «ኢሚዩኒቲን በእጥፍ የሚያሳድገው ምሥጢር»። ሰባቱንም አጋርተዋል። የ2025 የኖቤል የሕክምና ሽልማት የተሰጠው ግን ስለ ፍሬን ነው። ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 የመከላከያ ሠራዊቱን «ረጋ በል፣ ይሄ የራሳችን ሰው ነው» የሚሉ ልዩ ቲ ሴሎችን (ቲ ሴል ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ነው) አሳዩ። ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ደግሞ ይህ ፍሬን የተበጠሰባቸው የአይጥ ዘሮችን ያዙ። ወንዶቹ አይጦች በተወለዱ በሳምንታት ውስጥ የሚሞቱት የገዛ መከላከያቸው እየበላቸው ነው። ጥፋተኛውን ጂን ፍለጋ ገቡ። ሃያ ተጠርጣሪ ቀረ። አንድ በአንድ መረመሩ። ጥፋተኛው ሃያኛው ሆነ! ጓደኛዬ ቢሆኑ የመጀመሪያውን አይተው ያውጁ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ጂን ድካም ይተርፋቸው ነበር።

ሽልማቱ የታወጀ ቀን ራምስዴል አሜሪካ ውስጥ ተራራማ ቦታ ላይ ለሽርሽር ወጥተው ስልካቸው አይሠራም ነበር። የኖቤል ኮሚቴው ፈልጎ አጣቸው። ቆይቶ ባለቤታቸው ስልኳ ሲሠራላት መልእክቱን አይታ ጮኸች። ሰውየው ድብ የመጣ መስሏቸው ደነገጡ። ጓደኛዬ ግን ከኮሚቴው መግለጫ ሦስት ደቂቃ በኋላ ዜናውን አሰራጭተው ጨርሰዋል። «ኢሚዩኒቲን የሚጨምር ግኝት ተሸለመ» ብለው።

መከላከያን ያለ ፍሬን መጎተት ምን እንደሆነ አንዴ ብቻ ልነግራቸው ሞክሬያለሁ። በ2006 ለንደን ውስጥ ስድስት ጤነኛ ወጣቶች ቲጂኤን1412 የሚባል ቲ ሴል ቀስቃሽ መድኃኒት ተወጉ። ጦጣዎች ላይ ተሞክሮ ምንም አላደረጋቸውም። ለሰዎቹ የተሰጠው ደግሞ በእንስሳት ላይ ጉዳት ካላመጣው መጠን ከአምስት መቶ እጅ አንዱ ብቻ ነበር። በሁለት ሰዓት ውስጥ ትኩሳት፣ ሕመም፣ ማስመለስ። ከዚያ የውስጥ አካላቸው እየደከመ ሁሉም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ስድስቱም ተርፈዋል፤ አንዱ ግን የእግር ጣቶቹንና የተወሰኑ የእጅ ጣቶቹን ጫፍ አጥቷል። ከጦጣ እስከ ሰው እንኳ ይህን ያህል መንገድ አለ አልኳቸው፤ ከአይጥማ…

ዝም ብለው ሰሙኝ። ዓይናቸው እንኳ እንባ ያዘ። ከዚያ ስልካቸው ድምፅ አሰማ። ዝቅ ብለው አዩ። አውራ ጣት ተነሣች።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ አንድ ሰው አስቀድሞ ቢያየው ብዬ ላክሁላቸው። አርባ ምናምን ቀን የፈጀብኝ ነገር ነው፤ ስለ እሳቸውም ነውና ይከፋቸው ይሆን ብዬ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። አራት ሰከንድ። መልሳቸው መጣ፤ ለእኔ ብቻ አልነበረም፣ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ነው።

«አውራ ጣትህ ይባረክ የሚል ግሩም ምርቃት ደርሶኛል። አሜን ብለው ለአሥር ሰው ያስተላልፉ።»