ሁሉን ቢልኩት

ባሕር ዳር ውስጥ ቸር ሰው አለቀ የሚል ካለ የእኛን ጋሼ አያውቅም። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ታላቄ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ። ሌላው ሰው ልጁን ክርስትና አስነስቶ አምስት ስድስት ፎቶ ይልካል። ንፉግ! ጋሼ ግን 412 አነሳ፣ 412ቱንም ላከ። እሱ ዘንድ መምረጥ ማለት ማዳላት ነው።

ከ412ቱ ውስጥ ሕፃኑ ያለባቸው 31 ናቸው። ይሄም ቢሆን ትንሽ አይደለም። ልጁ እኮ ገና 40 ቀኑ ነው፤ ፎቶውን ለዕድሜው ብናካፍለው ብዙ ሰው አይደርስበትም። በሃያ ስድስቱ ላይ ዘመድ ሁሉ ተደርድሮ ቆሟል። አንዱ ላይ የእኔ ዓይን ተጨፍኗል፤ ሌላው ላይ የክርስትና አባቱ፤ ሌላው ላይ የሁለታችንም። ጋሼ ማንም እንዳይቀየም ብሎ ሃያ ስድስቱንም ላከ። ፍትሕ ይሉሃል ይሄ ነው።

ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ሲያርፉ እንግዳው ጀልባ ተከራይቶ አባይ ከጣና የሚወጣበት ድረስ ሄዶ ነበር። ከዚያ የመጡት 19 ፎቶዎች ጉማሬ ያለባቸው ናቸው ተብሏል። አጉልቼ አየኋቸው። ግንድ ነው። በ19ኙም ላይ ያው ግንድ ነው፤ ያውም አልተንቀሳቀሰም።

አሁን ወደ አላላኩ እንምጣ፤ የጋሼ ትልቅነት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ተራ ሰው ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ጣል ያደርገዋል። ቴሌግራም ራሱ አሳንሶ ይወስደዋል፤ 5 ሜጋ የነበረው ከአንድ ሜጋ በታች ሆኖ ይደርሳል። ስልክ ላይ ለሚያየው ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። ጋሼ ግን ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል። «ጥራቱ ይወድቃል!» ይላል። አክስቴ የምታይበት ስልክ መስታወቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። ቢሆንም ጥራት ጥራት ነው፤ ስንጥቁም በጥራት ይታያት።

ስለዚህ ጋሼ ሐይቁ ዳር ዋይፋይ ያለው ካፌ ሄዶ ተቀመጠ። አንድ ማኪያቶ አዘዘ። 412ቱን በየአምስት ሜጋቸው፣ በድምሩ 2 ጊጋ፣ ጎግል ድራይቭ የሚባለው የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ሲጭን አራት ሰዓት ፈጀበት። አስተናጋጇ አምስት ጊዜ ጠረጴዛውን ጠረገችለት። በአራቱ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳን ቀና ብሎ ጣናን አላየም፤ ጣናን እየጫነ ነበራ።

ሲጨርስ ሊንኩን የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለቀቀው። እሱ ያለው ፋሲሎ ነው፤ አክስቴ ያለችው ሽምብጥ። በባጃጅ ቢሄድ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ፎቶው ግን ከሀገር ወጥቶ፣ ፈረንጅ አገር ያለ ሰርቨር ላይ አድሮ፣ በአክስቴ ካርድ ሽምብጥ ሊገባ ነው። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል እሰማ ነበር። የጋሼ ግንድ ግን ማደሪያ አግኝቷል። ለዚያውም በ19 ቅጂ።

አክስቴ ሊንኩን ነካችው። «ፈቃድ ይጠይቁ» አላት። የልጅ ልጇን ለማየት ፈቃድ! አልተቆጣችም፤ ጠየቀች። እኔም ጠየቅኩ። አሜሪካ ያሉትም ጠየቁ። ጋሼ ዝም።

ሦስት ቀን ቆይቶ ግሩፑ ላይ የድምፅ መልእክት ለቀቀ። «ልጄን ሊያይ የሚፈልግ ዘመድ የለኝም ማለት ነው» ይላል። ድምፁ አንጀት ይበላል።

የሆነው እንዲህ ነው። ጎግል በነፃ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋ ነው። ይህን ኢሜይሉም፣ ድራይቩም፣ ፎቶውም ይካፈሉታል። ድሮ ፎቶ ትንሽ አሳንሶ ለሚያስቀምጥ ሰው ልክ አልነበረውም፤ በፈረንጆቹ ሰኔ 2021 ግን ያ ቀረ። የጋሼ 15 ጊጋ የሞላው የመጨረሻዋ ግንድ ስትገባ ነው። ቦታው ሲሞላ ደግሞ ኢሜይል መግባት ያቆማል። የእኛ የፈቃድ ጥያቄ የሚመጣው በኢሜይል ነው። ፎቶው ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ዘመድ ከለከለ። እንዲህ ያለ ዘበኛ በደመወዝ አይገኝም።

የሰፈሩ ስልክ ጠጋኝ ነገሩን አስተካከለለት። ሊንኩ ለሁሉም ተከፈተ። አክስቴ በደስታ የ1 ጊጋ ጥቅል ገዝታ «ሁሉንም አውርድ» የሚለውን ነካች። ጎግል 412ቱን ጠቅልሎ በአንድ ዚፕ ሰጣት። እሷ የምታውቀው ዚፕ የቀሚስና የቦርሳ ነው። ቢሆንም ጠበቀች። ግማሽ መንገድ ላይ ጥቅሉ አለቀ። ግማሽ ዚፕ ደግሞ አይከፈትም። ደወለችልኝ፦

«ልጄ፣ ዚፑ እንቢ አለኝ እኮ።»

«ስንት ፎቶ አየሽ አክስቴ?»

«አንድም። ግን ጨርሻለሁ ይለኛል።»

ጨርሻለሁ የሚለው ዳታው ነው። አባቶች ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል አሉ እንጂ ሁሉን ቢልኩት ምን እንደሚቀር አልነገሩንም። ጋሼ ይህን ሲሰማ አዘነና ለግሩፑ በሌላ መንገድ ላከው፤ ቴሌግራም ላይ በፋይል መልክ፣ ጥራቱ ሳይወድቅ፣ አሥር አሥር እያደረገ፣ 42 ጊዜ። እንደ እኔ ያሉ ከሃዲዎች በሞባይል ዳታ የሚመጣ ፋይል በራሱ እንዳይወርድ አጥፍተነው ነበር። ያላጠፉት ዘመዶች በዚያ ሳምንት አልተገኙም።

የቀረችው አያታችን እምዬ ነበረች። የምትኖረው ዘጌ ነው። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፤ ከጋሼ ቸርነት የተረፈችው በዚያ ምክንያት ነው። ፎቶዎቹን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ጠዋት ጀልባ ተሳፈርኩ። አንድ ሰዓት አካባቢ ፈጀ። ሁለት ጊጋ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ጥቅል፣ ጥራቱ ሳይወድቅ! ጋሼ ግን «ኋላቀር» ብሎኛል። ልክ ነው፤ ጀልባ ሊንክ የለውም።

የጎረቤት ልጅ ላፕቶፕ አመጣ። እምዬ የራሷን የጓሮ ቡና ቆልታ አቀረበች። ከአቦል ጀምረን በረካ ላይም አልጨረስንም። ጉማሬው ጋ ስንደርስ «ይሄ ግንድ ምንድነው ደጋግሞ የሚመጣው?» አለች። ዓይኗ ከእኔ ይሻላል፤ ሳታጎላ ነው ያየችው። በመጨረሻ ልጁ እናቱ ጭን ላይ የተኛባት አንዲት ፎቶ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺን አሳጥቡልኝ» አለች። በቃ።

ማታ ለጋሼ ደውዬ ነገርኩት። «አንድ ብቻ?» አለ ተነክቶ። ዝም አለ። ከዚያ አሰበበት መሰለኝ፣ በማግስቱ ግሩፑ ላይ አዲስ ሊንክ ለቀቀ። ስሙ «ለእምዬ የተመረጡ» ይላል፤ 160 ፎቶ ናቸው አለን።

ነካሁት። «ፈቃድ ይጠይቁ» አለኝ። ጠይቄያለሁ።