ሩሲያኛ ተምሮ ምን ያገኛል?

አየር ኃይላችን ከሚግ-21 እና ከሚግ-23 ዘመን ጀምሮ ከሩሲያ አውሮፕላኖች ጋር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሱ-27 መጣ። በጥር 2024 ሱ-30 ተከተለ። በዚያው ወር ሩሲያ አባል የሆነችበትን የአገሮች ስብስብ፣ ብሪክስንም ተቀላቀልን። ሩሲያኛ የሚችል ቴክኒሻን፣ መኮንንና ዲፕሎማት ያስፈልገናል፤ ይሄ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሠራተኛው ለምን ብሎ ይማራል የሚለው ነው።

በስብሰባ ላይ «ቋንቋ ሀብት ነው» ብሎ መምከር ማንንም ክፍል ውስጥ አያቆይም። ሩሲያኛ ከባድ ነው። ፊደሉስ ይለመዳል፤ የእንግሊዝኛውን ፒ የሚመስለው «ር» ተብሎ ሲነበብ ትንሽ ግራ ያጋባል፣ ያልፋል። ሰው የሚሸሸው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ስም እንደየአገባቡ በስድስት ዓይነት ይረባል። «ሄደ» ለማለት እንኳ በእግር ነው በመኪና፣ ደርሶ ተመልሷል ወይስ ገና መንገድ ላይ ነው የሚለውን ቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ማታ ይህን የሚያጠና ሰው መሀል ላይ ቢያቋርጥ አይፈረድበትም።

አሜሪካኖች ነገሩ ገብቷቸዋል። ካሊፎርኒያ፣ ሞንትሬይ ባለው የመከላከያ ቋንቋ ተቋማቸው ሩሲያኛ የሚማር ወታደር ለ48 ሳምንት ያህል ሥራው ትምህርቱ ነው። ደመወዙ አይቋረጥም። ጥሩ ውጤት ካመጣ በየወሩ የቋንቋ አበል ያገኛል፤ ሕጋቸው በወር እስከ 1,000 ዶላር ይፈቅዳል። አበሉ እንዲቀጥል ግን በየጊዜው እየተፈተነ ችሎታውን ማሳየት አለበት። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ለሰርተፍኬቱ ሳይሆን ለችሎታው ነው።

እኛም ልምዱ አለን። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የተላኩት ወጣቶቻችን አንድ ዓመት የቋንቋ መሰናዶ ተምረው፣ በቀጣዩ ዓመት ምህንድስናና ሕክምና በሩሲያኛ ይከታተሉ ነበር። ሌክቸሩ በሩሲያኛ ስለሆነ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ዛሬ ላለው ሠራተኛ ያን ግዴታ መፍጠር የሚችለው ምደባው ነው። ሩሲያኛ አጥንቶ መዝገብ ቤት የተመደበ ባልደረባውን ያየ ሰው ለምን ብሎ ይመዘገባል?

ስለዚህ ትምህርቱ በሥራ ሰዓት ይሁን፣ አበሉ ከፈተና ጋር ይታሰር፣ ያለፈውም ቋንቋውን በሚጠቀምበት ቦታ ይመደብ። ለመምህርነት ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ተምረው የመጡት አንጋፋዎች አሉ። ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል። ዕድሜያቸው ሳይገፋ ተገቢው ክፍያ ይመደብላቸውና ዘንድሮውኑ ክፍል ይግቡ።