ማስተካከያ፦ ስለ ባትሪ ድንጋይና እርሳስ የጻፍኩት
ባለፈው ሳምንት «በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ0.004 በመቶ በላይ እርሳስ ያለበት የባትሪ ድንጋይ አይሸጥም» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። 0.004 በመቶ የምልክት መነሻ እንጂ የእገዳ ጣሪያ አይደለም። እርሳሱ (ብረቱን ማለቴ ነው፣ የተማሪ መጻፊያውን አይደለም) ከዚያ ሲበልጥ ከተሰረዘው የቆሻሻ ገንዳ ሥዕል ሥር «ፒቢ» (Pb፣ የእርሳስ ኬሚካላዊ ምልክት) የሚል ይታተማል። በቃ።

ጣሪያውን በፈረንጆቹ 2023 ከወጣው የኅብረቱ የባትሪ ደንብ፣ ከራሱ ከሕጉ ጽሑፍ አይቼዋለሁ። በክብደት ሲሰላ ሜርኩሪ 0.0005 በመቶ፣ ካድሚየም 0.002 በመቶ፣ እርሳስ ደግሞ 0.01 በመቶ ነው። የሜርኩሪውና የካድሚየሙ ገደብ በቀድሞው፣ በፈረንጆቹ 2006 በወጣው መመሪያም ነበር። የእርሳሱ ግን አዲስ ነው፤ የጀመረው ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ለጆሮ መስሚያ መሣሪያ የሚሆኑት፣ የልብስ ቁልፍ የሚመስሉት ትንንሽ የዚንክ አየር ባትሪዎች እስከ ፈረንጆቹ ነሐሴ 2028 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል።

እዚህ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ ድንጋይ የሚሸጥ ወዳጄ እኔን አምኖ «ፒቢ» ያለበትን ሁሉ ከመደርደሪያው አውርዶ ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ምልክቱ «ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት» ይላል እንጂ «አትሽጡት» አይልም። ደንቡም ቢሆን የአውሮፓ ገበያ ነው፤ የእሱን ሱቅ አይመለከትም።