ስምንተኛው ምሥጢር

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያናችን ገቢዋን አትናገርም የሚል ሰው ካለ ጥቅምት ላይ ወደ አዲስ አበባ ብቅ ይበል። አጠቃላይ የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ በየዓመቱ የሚካሄደው ያኔ ነው። አህጉረ ስብከት፣ ማለትም በየአካባቢው ያሉት የቤተ ክርስቲያን አስተዳደሮች፣ ተራ በተራ መድረክ ላይ ይወጣሉ። «ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል ብልጫ አሳይቷል» ይባላል። ይጨበጨባል። የዋጋ ንረት እንዲህ በጭብጨባ የሚታጀብበት ሌላ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ጧፉም ዕጣኑም ተወደደ። ሪፖርቱ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም «ዕድገት» ነው። እሰየው!

ወጪውስ? ኧረ ቀስ! ሰባቱን ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን ተምረናል፤ ወጪ ስምንተኛው ነው። ለማያምኑ ቀርቶ ለሚያምኑም አይገለጥም።

ይህን ጥበብ በደንብ ለማየት ወደ አጥቢያ መውረድ ነው። የንግሥ ዕለት አንዲት እናት መቶ ብር ስእለት ብታስገባ ስሟ በድምጽ ማጉያ ይነበባል፤ «እልል በሉላት!» ይባላል፤ ሦስት ሰፈር ይሰማል። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩም በዜማ ሊባል ምንም አይቀረው፤ ሕፃናት ከውዳሴ ማርያም እኩል በቃላቸው ይዘውታል። ያ ሁሉ ገንዘብ ሲወጣ ግን ድምጽ ማጉያው መብራት ይጠፋበታል። ወንጌሉስ ቢሆን «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» አይደል የሚለው? ይኸው በተግባር ተፈጸመ፤ ገንዘብ ያዡ የሚያደርገውን ቁጥጥሩ አያውቅም። አንዳንዴ ሒሳብ ሹሙም አያውቅም።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያኒቱ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ መሬትም ነበራት። በ1967 ደርግ የገጠሩን መሬት፣ ቀጥሎም የከተማውን ትርፍ ቤት ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው በምእመኑ ሳንቲም ነው። ጥሩነቱ፣ ድሮ ለአንድ ንጉሥ መልስ መስጠት ግድ ነበር፤ አሁን ሰጪው ሚሊዮን ነው። ለሚሊዮን ሰው ማን ደረሰኝ እያሳየ ይዘልቃል? የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ቃለ ዐዋዲው፣ በ1965 የወጣው ምእመኑ በሰበካ ጉባኤ እንዲሳተፍ ነበር፤ ምእመኑም ይሳተፋል፣ ያስገባል።

ሰዎች የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ምሳሌ ያደርጉልናል። ሒሳቧን በየዓመቱ አሳትማ ታወጣለች፤ ምን አተረፈች? እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ሊቀ ጳጳሷ ጀስቲን ዌልቢ ዎንጋ የተባለውን በከባድ ወለድ የሚያበድር ድርጅት አወገዙ። በማግስቱ ጋዜጣ የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው በተዘዋዋሪ እዚያው ድርጅት ውስጥ ገንዘብ እንዳላት አወጣ። 75 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነው እንግዲህ! ሰውየው አፈርኩ አሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቅሌት የለም። የት እንዳለ የማይታወቅ ገንዘብ በማን ላይ ይገኛል?

ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ በ2005 መንበሩ ላይ ከተቀመጡ ጀምሮ ሙስናን በግልጽ ሲያወግዙ ኖረዋል። አድማጩ በሙሉ ይስማማል። እያንዳንዱ ስለ ጎረቤቱ እየተወራ መሆኑን እርግጠኛ ነዋ!

የከተማው አጥቢያ በሱቅ ኪራይ ሲደምቅ፣ የገጠሩ ቄስ ደመወዝ የለውም፤ ለቅዳሴ የሚሆን መገበሪያ አጥቶ በሩ የተዘጋ ቤተ ክርስቲያንም አለ። ይህም ቢሆን አልባከነም። «ለተዘጉ አብያተ ክርስቲያናት» ተብሎ ሌላ ገቢ ይሰበሰብበታል።

አንዳንድ ነገረኛ ወጣት ተነሥቶ «የውጭ ኦዲተር ይምጣ» ይላል። መጀመሪያ ተሐድሶ ነው፣ ሃይማኖት ሊለውጥ የመጣ ነው ይባላል። በዚያ ካልተመለሰ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ውስጥ ይገባል። በዓመቱ ስለ ኦዲት ብትጠይቁት፣ «ወንድሜ፣ የቤተ ክርስቲያንን ገመና አደባባይ አናውጣ» ብሎ ይመክራችኋል።