ላፕቶፕም ይፈታል፣ ይሻሻላል

«ላፕቶፕ እንደ ዴስክቶፕ አይደለም፤ ውስጡ ሁሉ የተበየደ ነው፤ ከዘገመ ሌላ መግዛት ነው» ብለሃል። ወንድሜ፣ ይሄ ለአንዳንዱ እውነት ነው። ለሁሉም ግን አይደለም።

እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን የምሠራው በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ቲንክፓድ ቲ420 በተባለ ላፕቶፕ ነው። ከሥሩ ያለውን ክዳን ስትፈታ ሁለት የራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ማስገቢያ ታገኛለህ። እስከ 16 ጊጋባይት ይቀበላል። ሃርድ ዲስኩም ወጥቶ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ማከማቻ) ይተካል፤ ለውጡን ገና ሲከፈት ታየዋለህ።

ኪቦርዱ ደግሞ ሰባት ረድፍ ያለው የድሮው ዓይነት ነው። በብርዳችን ጣት ሲደነዝዝ እንኳ ቁልፉ መጫኑ ይታወቅሃል። እኔ ለዚህ ኪቦርድ ስል ብቻ ማሽኑን አልሰጥም! በ2012 እ.ኤ.አ. የመጣው ተተኪው ቲ430 ወደ ስድስት ረድፍ ወረደ። ሆኖም የቲ420ው ኪቦርድ ትንሽ ተሞርዶ ይገጠምለታል። ሁሉም ቁልፍ በትክክል እንዲሠራ ግን ፈርምዌሩም (ማሽኑ ውስጥ የተጫነው መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር) መስተካከል አለበት።

ከዚህም ያለፉ አሉ። ቻይና ውስጥ ያሉ አፍቃሪዎች ለአሮጌው ቲንክፓድ ኤክስ60 ቀፎ ልክ የሚሆን አዲስ ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍል የሚገናኝበት ዋና ሰሌዳ) ሠርተዋል። ፍሬምወርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዘርቦርዱ ጭምር የሚቀየር ላፕቶፕ ይሸጣል። ኪቦርዱ ግን የድሮው ዓይነት አይደለም።

አንተ ያየኸው ቀጫጭኖቹን ይመስለኛል። ብዙዎቹ ላይ ራሙ በእርግጥም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ስለዚህ ስትገዛ ሞዴሉን ይዘህ ራሙ ይቀየር እንደሆነ አስቀድመህ አጣራ።